ወንዝ ዳር ያለውን ሰው ስናነሳ ጎረቤቱንም አብረን እናንሳ

ቀበና ወንዝ ዳር ያደገ ሰው የክረምትን ሌሊት የሚያውቀው በጆሮው ነው። እንጦጦ ላይ ሲዘንብ ወንዙ መጀመሪያ ያጉረመርማል፤ ቆየት ብሎ ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ ይሰማል። እናቴ ያን ድምፅ ስትሰማ ትነሳና የዱቄቱን ጆንያ አልጋ ላይ ታወጣዋለች፤ እኛን ጫማ ሳይቀር አስለብሳ መልሳ ታስተኛናለች። የቀበሌው የኪራይ ደብተርና የዕድሩ ደብተር ክረምቱን የሚያሳልፉት በፌስታል ተጠቅልለው፣ ማገሩ ላይ ተሰክተው ነበር። ውሃው ሁለት ጊዜ ቤታችን ገብቷል። በአንደኛው ሌሊት ከእኛ ዝቅ ብሎ የነበረው ቤት የጓሮ ግድግዳው ተንዶ ስድስቱም ሰዎች እኛ ዘንድ መጡ። እስከ መስቀል አብረውን ቆዩ።

ስለዚህ መንግሥት ወንዝ ዳር የሚኖሩ ድሆችን ላንሳ ሲል፣ "ተዋቸው፣ የኖሩበት ቦታ ነው" ከሚሉት ጋር አልቆምም። መነሳት አለባቸው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬዳዋ ላይ የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ሌላ ነገር ሊል አይችልም። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነው። ያን ሌሊት ውሃው የመጣው ሰው በተኛበት ሰዓት ነበርና ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉት ተፈናቀሉ። አዲስ አበባ ላይም ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በአንድ ዝናብ 7 ሰዎች በጎርፍ ሞተዋል።

አደጋው ደግሞ እየባሰ እንጂ እየቀለለ አልሄደም። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ ከዚያ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። በመካከሉ ያለው መሬት በየዓመቱ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና አስፋልት ሲለብስ፣ አፈር ሊጠጣው ይችል የነበረው ውሃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ቀበና፣ ወደ ግንፍሌና ወደ ባንትይቀጡ ይወርዳል። ቱቦው በፌስታልና በሃይላንድ ተደፍኗል። ከላይ ያለው ባለፎቅ ያፈሰሰውን ውሃ የሚቀበለው ከታች ያለው የጭቃ ቤት ነው። ወንዝ ዳር የሰፈረው ድሃ አደጋውን አላመጣውም፤ ሌላ ቦታ አቅሙ ስላልፈቀደለት ብቻ እዚያ ተገኘ። ይህን ማለት የምፈልገው፣ ሲነሳ እንደ ጥፋተኛ የሚታይበት ጊዜ ስለሚበዛ ነው።

የእኔ ክርክር ያለው አነሳሱ ላይ ነው። ጎርፍ የሚወስደው ቤት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፍል ነው። ዝውውሩ ግን ሰፈሩን በሙሉ በትኖት ያርፋል፤ ድሃ ደግሞ የሚኖረው በክፍሏ ሳይሆን በሰፈሩ ነው።

አብረን ያደግንባቸው ጎረቤታችን፣ እትዬ የምላቸው ሴት፣ እንጀራ ጋግረው ለሱቆችና ለሁለት ምግብ ቤቶች ያስረክቡ ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይነሳሉ፤ ልጃቸው ንጋት ላይ በእግሩ ያደርሳል። ጤፍ የሚወስዱት በዱቤ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ሠላሳ ዓመት ያውቃቸዋል። ሰፈሩ ሲነሳ ለእሳቸው ከተማው ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጣቸው። ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው አይረጥብም፤ ሽንት ቤቱ የራሳቸው ነው። ይህን ሁሉ እየዞሩ አሳዩኝ። ምጣዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ በረንዳው ላይ ቆሟል። "ቤቱስ እግዜር ይስጣቸው፣ ልጄ። ግን እዚህ እንጀራዬን ማን ይገዛኛል? ጤፉንስ ማን ያበድረኛል?" አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ ቡናውን ቀዱልኝ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ፣ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ብቻ ሳይሆኑ ኑሯቸው የተነካባቸውም ሰዎች ተመጣጣኝ ማካካሻ፣ በበቂ እርዳታ ወደ ሌላ ቦታ መዘዋወርን ጨምሮ፣ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ኑሮ የሚለው ቃል እዚያ በአጋጣሚ አልገባም። ለእትዬ ቤት ተተክቶላቸዋል፤ ኑሯቸው ግን አልተተካም።

ዕድሩም እንዲሁ ነው። አንድ የቆየ ዕድር ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና በባንክ ጥሪት አለው፤ አባሉ ያን የገዛው ለዓመታት በየወሩ ከጉሮሮው ነጥቆ በከፈላት ገንዘብ ነው። አባላቱ አራት አምስት ቦታ ሲበተኑ ንብረቱ ይከፋፈላል፤ አዲሱ ሰፈር ያለው ዕድር ደግሞ የመግቢያ ይጠይቃል። እትዬ እስካሁን የድሮውን አልለቀቁም። ባለፈው አንድ ጎረቤታችን ሲያርፉ በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶቡስ ደረሱ፤ ቀብሩ አልቆ ነበር። የዕድሩ ዳኛ መቅጫ እንዳይጻፍባቸው አዘዙ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። የእሳቸው ቀን ሲደርስ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ያስጨንቃቸዋል፤ ይህን ለእናቴ ነግረዋታል።

ቢያንስ እሳቸው የኪራይ ደብተር ስላላቸው ተቆጥረዋል። በየቀበሌው ቤት ውስጥ ደባል ሆኖ የሚኖር፣ ከጓሮ የተቀጠለችውን ክፍል የተከራየ፣ ከገጠር መጥቶ ቀን ሥራ እየሠራ ከአራት ጓደኞቹ ጋር የሚያድር አለ። ጎርፉ ሲመጣ ደብተር አይጠይቀውም። ቆጠራው ግን ይጠይቀዋል። ደብተር የሌለው ሰው ቤቱ ሲፈርስ ሌላ ርካሽ ክፍል ፍለጋ ይሄዳል፤ ርካሽ ክፍል የሚገኘው ደግሞ ሌላ ወንዝ ዳር ነው። ይህን ሰው ከአንዱ ገደል ወደ ሌላው አዛወርነው እንጂ ከጎርፍ አላወጣነውም።

ኮንዶሚኒየም የደረሰው ቤተሰብም ወደ ወንዝ ዳር የሚመለስበት መንገድ አለ። በ20/80 ፕሮግራም 20 በመቶውን ተበድሮ የከፈለ፣ ከዚያ ወርሃዊው የባንክ ዕዳ የከበደው ቤተሰብ ቤቱን ያከራይና በግማሹ ዋጋ ወደሚገኝ የጭቃ ክፍል ይወርዳል። እንዲህ ያደረጉትን አውቃለሁ። "ቤት ተሰጥቷቸው ሸጡት፣ አከራዩት" ተብለው ሲወቀሱም ሰምቻለሁ። ሥራው ሁለት ታክሲ ርቆበት፣ ገቢው ግማሽ ሆኖ፣ ዕዳው አዲስ የሆነበት ሰው ምን ያድርግ?

ስለዚህ ተነሺው ሰፈር በሰፈር፣ ከነዕድሩ፣ አንድ ብሎክ ወይም አጠገብ ላጠገብ ይመደብ። እጣው ለቤተሰብ ሳይሆን ለጎረቤት ይውጣ። ባንክ ሄዶ መበደር ለማይችለው ኪራይ ብቻ የሚከፍልበት የመንግሥት ቤት ይዘጋጅ፤ ደባሉም ይቆጠር። እንጀራ የሚጋግሩትና ጉሊት የሚቸረችሩት ከገቡበት ቀን ጀምሮ የሚሠሩበት ምድር ቤት ወይም ሼድ ይኑራቸው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ላለው 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ የተነገረው ወጪ 29 ቢሊዮን ብር ነበር። ዳርቻው መናፈሻ መሆኑን እደግፋለሁ፤ ውሃ ሣር ላይ ቢተኛ ማንንም አይገድልም። ከዚያ ዳርቻ የተነሳው ሰው ግን የፕሮጀክቱ ወጪ አካል ሆኖ መታሰብ ነበረበት።

ጊዜውም ይታሰብበት። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቤት ማፍረስ ቤተሰቡን ከነዕቃው ዝናብ ላይ መጣል ነው፤ ልጆቹም ፈተና ላይ ናቸው። ጥር መጨረሻ፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት የሚያርፍበት ሳምንት አለ፤ መሬቱም ደረቅ ነው፣ መኪናም እስከ በር ይገባል። ለዚያ ቆጠራው ኅዳር ላይ ማለቅ፣ ስም ዝርዝሩም ወረዳው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቅሬታ ያለው ሰው ቅሬታውን የሚያስገባበት አንድ ወር ሊኖረው ይገባል። እኛ ከተነሳንበት ዝቅ ብሎ ያሉት ቤቶች ዛሬም አሉ፤ የጓሮ ግድግዳቸውን በአሮጌ ጎማና በአሸዋ ጆንያ ደግፈውታል።