የቅዳሜ ዮጋ፣ የሳምንት ሙሉ ወንበር

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ዮጋ ቤት ፈልጎ የሚያጣ የለም። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዶላር ይጠየቃል። የኛም ሰው፣ በተለይ ነርሶቹና የቢሮ ሠራተኞቹ፣ ምንጣፍ ጠቅልሎ መግባት ከጀመረ ሰነበተ። ደስ ይላል። ችግሩ አብዛኛው የሚሄደው ቅዳሜን ብቻ መሆኑ ነው። አምስትና ስድስት ቀን ሙሉ ታክሲ ውስጥ ወይም ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ወገብ በአንድ ሰዓት ይፈታል ተብሎ ይጠበቃል። አይፈታም። እንዲያውም በሳምንት አንዴ ራስን አስገድዶ የሚጎተት ጅማት ሰኞ ጠዋት ሊያም ይችላል፤ "ዮጋ ወገቤን ጎዳው" የሚባለውም ያኔ ነው። በቀን 15 ደቂቃ ለዚህ ወገብ ከቅዳሜው ሰዓት ይበልጥበታል። ለጭንቀትም ለእንቅልፍም እንደዚያው።

አገር ቤት ደግሞ ዮጋ ሲባል የቦሌ ሆቴል ጂም ነው የሚታሰበው። ያም ሆኖ ውጭ አገር በክፍያ የሚሰጠው እንቅስቃሴ ግማሹ እዚያ የዕለት ኑሮ ነበር። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥን ውሰዱ፦ ተረከዝ መሬት ሳይለቅ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እስከ መጨረሻው ይታጠፋሉ። የዮጋ መምህራን "ማላሳና" ይሉታል፤ ሃያ ዓመት ወንበር ላይ የኖረ ሰው ተረከዙ ሥር ብርድ ልብስ ካልተጣጠፈለት ወደ ኋላ ይገለበጣል። ቁጢጥ ብላ ቡና የምታፈላ እናት ግን ሳታስበው ትሠራዋለች። አገር ቤትን ማሽሞንሞን ግን አይገባም። ጀርባ ጎብጦ መጥረግና እንጨት መሸከም ወገብ ያበላሻሉ እንጂ አይጠግኑም፤ የአዲስ አበባም ሰው ዛሬ በትራፊክና በቢሮ ወንበር የዲያስፖራውን ወገብ እያፈራ ነው።

"ሃይማኖት ነው ወይስ ስፖርት?" የሚለው ጥያቄ ሁለቱም ጋ ይነሳል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። ምንጩ የህንድ መንፈሳዊ ሥርዓት መሆኑን መካድ አያስፈልግም። በጥንቱ የህንድ ሊቅ በፓታንጃሊ የዮጋ ድርሳን ከተዘረዘሩት ስምንት ክፍሎች የአካል አቀማመጥ ሦስተኛው ብቻ ነው። የምዕራቡ ገበያ ያቺን አንዷን መዝዞ አወጣ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በህንድ አቅራቢነት በ2014 (እ.አ.አ.) ሰኔ 14 ቀንን (ጁን 21) የዓለም ዮጋ ቀን አድርጎ ሲያጸድቅ ያወራው ስለ ጤና ነው። ቅር የሚለው ሰው ዜማውንና የእጅ ሰላምታውን ትቶ እንቅስቃሴውንና አተነፋፈሱን ብቻ መያዝ ይችላል። ከመመዝገቡ በፊት "ክፍሉ ውስጥ ዜማ አለ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ መምህራኑ ይህን ጥያቄ ለምደውታል።

ስግደት ዮጋ ነው፣ ሶላት ዮጋ ነው የሚሉ ወገኖች ግን ሁለቱንም ያሳንሳሉ። ጉልበት ግን ለየትኛው እንደታጠፈ አይለይም። ዓመቱን ሙሉ ሲነዳ የከረመ ሰው በሰሙነ ሕማማት በአንድ ቀን መቶና ሁለት መቶ ጊዜ ሲሰግድ የታፋው ጡንቻ ቶሎ ይዝላል። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው አይወርድም፣ ይወድቃል፤ ጉልበቱ ወለሉን ይመታል። ለትንሣኤ በረዶ ይዞ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን አለው፤ ለመዘጋጀት ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋትና ማታ ከወንበር ላይ ያለ እጅ እርዳታ አምስት አምስት ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ፣ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት መጨመር።

አሁን ወደ 15 ደቂቃዋ። የሚያስፈልገው ባዶ ግድግዳና የሰው ቁመት ያህል ወለል ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ በአሠሪ ቤት ጠባብ ክፍል የምታድር እህትም ይህን አታጣም።

መጀመሪያ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ አድርጎ ሦስት ደቂቃ መተንፈስ። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። አየር ሲወጣ የልብ ምት ከአንጎል ወደ ልብ በሚወርደው የቫገስ ነርቭ አማካይነት ዝግ ይላል፤ አወጣጡ የሚረዝመው ለዚህ ነው። ሰው የሚሳሳተው ደረቱን በመንፋት ነው፤ ከፍ ማለት ያለበት ሆድ ላይ ያለው እጅ ነው። ራስ ካዞረ ቁጥሩን ወደ ሦስትና አራት ማውረድ፣ ትንፋሽን አፍኖ መያዝን ጨርሶ መተው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ለእረፍት የሚገባ ዲያስፖራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቆላ የለመደውን ቆጠራ እዚያ ልድገመው ቢል ትንፋሽ ያጥረዋል።

ቀጥሎ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን አየር ሲገባ ዝቅ፣ ሲወጣ ጉብ ማድረግ፤ ስምንት ጊዜ ያህል። የእጅ አንጓ የሚያማቸው፣ የሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ የሚውሉት አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፣ በጡጫ ወይም በክንድ ይደገፉ።

ሹፌሮች ሊያልፉት የማይገባው ሦስተኛው ነው። አንድ ጉልበት የተጣጠፈ ጋቢ ላይ፣ ሌላው እግር ከፊት ተተክሎ ዘጠና ዲግሪ ታጥፎ፣ ከኋላ ባለው እግር በኩል የዳሌን ፊት ማሳሳብ፤ በየጎኑ ስድስት ትንፋሽ። ሲቀመጡ የሚያጥረው ጡንቻ ይኸው ነው፤ አጥሮ ሲቀር ወገብን ወደ ፊት ይጎትታል። ስሕተቱ ሆድን ወደ ፊት ገፍቶ ወገብን መስበር ነው። ከኋላ ባለው እግር በኩል ያለውን የመቀመጫ ጡንቻ አጥብቆ ማኮማተር ነው መፍትሔው፤ ያኔ ውጥረቱ ወገብ ላይ ሳይሆን ታፋው ላይ ይሰማል።

ከዚያ ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር መቆም፣ በየእግሩ ሠላሳ ሰከንድ። የተነሣው እግር መዳፍ ቁርጭምጭሚት ወይም ባት ላይ ያርፍ እንጂ ጉልበት ላይ አይሁን፤ ጉልበት ከጎን ሲገፋ አይወድም። ሚዛን ከሦስት ቦታ ይጠበቃል፦ ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ ከእግርና ከመገጣጠሚያ ስሜት። ስለዚህ አንድ የማይንቀሳቀስ ነጥብ ላይ ማፍጠጥ ያቆማል፤ ዓይን መክደን ያወዛውዛል። ለወላጆቻችን የምናስተምራት አንዲት እንቅስቃሴ ብትኖር ይህች ትሁን። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ሚዛንን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ይመክራል።

መዝጊያው እግርን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አምስት ደቂቃ መተኛት ነው። ፓርኪንግ ቆሞ የዋለ ሰው ጥቅሙን ወዲያው ያውቀዋል። ግላኮማ፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም የገፋ እርግዝና ያለባቸው ሐኪም ሳይጠይቁ አይሞክሩት፤ አጥንታቸው የሳሳም ጎንበስ ብሎ እግር መንካትን ይተዉ። ናይት ሺፍት ጨርሶ ጠዋት የሚተኛ ሰው ትንፋሹንና ይቺን ብቻ ይውሰድ። ጠንከር ያለው እንቅስቃሴ ያነቃዋል። ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ቡናም እንደዚያው ነው፤ አቦል ቶና በረካ አእምሮን የሚያሳርፈው በጨዋታው እንጂ በካፌይኑ አይደለም።

ስለ "ሆት ዮጋ" አንድ ነገር፦ ክፍሉ ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፣ እስከ 90 ደቂቃ ይቆያል። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረመዳን ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውኃ ሳይቀምሱ እዚያ መግባት ራስን ለመሳት መዘጋጀት ነው። ከጾም ውጭ ባለው ቀን ይደረግ።

የአእምሮውን ጉዳይ በተመለከተ መምህራኑ ብዙ ጊዜ የማያነሡት፣ እኛን ግን የሚመለከት ነገር አለ። በረሃና ባሕር አቋርጦ የመጣ፣ እስር ያየ፣ በአሠሪ ቤት የተደበደበ ሰው ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ በጀርባው ተኛ ሲባል ልቡ ሊመታ፣ ያለፈው ሊመጣበት ይችላል። ይህ ድክመት አይደለም፤ በደንብ የሚታወቅ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ በሩን እያየ፣ ዓይኑን ገልጦ ይቀመጥ፤ መብራት ይብራ፤ ዝም ብሎ መተኛት ከከበደው እያረገደ ወይም እየተራመደ ይተንፍስ። መምህሩ ሰውነቱን እንዳይነካ አስቀድሞ ይንገረው።

ድባቴ ሌላ ነው። ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከመጣ፣ ሐኪም ነው። ጸበል የሚሄደውም፣ ዮጋ የሚሠራውም መድኃኒቱን በድንገት እንዳያቋርጥ፤ ሲሻለው የሚያቆም ብዙ ነው፣ ሕመሙም ተመልሶ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። መጠኑን የሚቀንሰው ያዘዘው ሐኪም ነው፤ እስከዚያው 15 ደቂቃዋ ከኪኒኑ ጎን ትቀጥላለች።