ሰውዬው ዋሾ ነው፤ ካሴቱስ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ነገሩ የሚነሳው ከፊልም ነው። ስለ ትወናው የሚተነትን ሞልቷል። እኔ የምቆጣው በሳቃችሁ ነው።

«ዘ ኢንፎርማንት!» የሚለውን ፊልም ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ስቲቨን ሶደርበርግ በ2009 የሠራው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ወደ አገር ቤት ስመጣ ዓ.ም. እላለሁ።) ማት ዴመን ለዚህ ፊልም ብሎ ሆን ብሎ ወፍሯል። ሪዙን አሳድጎ፣ መነጽሩን ሰክቶ ማርክ ዊታከርን ሆኖ ይጫወታል። ዊታከር ደራሲ የፈጠረው ሰው አይደለም። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ዲኬተር በምትባል ከተማ፣ አርቸር ዳንኤልስ ሚድላንድ የሚባለው ግዙፍ የእህል ኩባንያ ከፍተኛ ኃላፊ ነበር። ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በባዮኬሚስትሪ ዶክትሬት የያዘ የተማረ ሰው ነው። ከ1992 መጨረሻ እስከ 1995 አጋማሽ ድረስ የገዛ አለቆቹን ለኤፍቢአይ (ለአሜሪካ ፌዴራል የወንጀል ምርመራ ቢሮ) በድብቅ ሲቀዳ ኖረ።

ፊልሙ ያስቃል። አልክድም። ሰውዬው ራሱን «0014» ይላል። ከፊልሙ ሰላይ ከጄምስ ቦንድ፣ ከ007፣ በእጥፍ ብልጥ ነኝ ማለቱ ነው። ቁም ነገር እየተወራ የእሱ ልብ ስለ ዋልታ ድብ አፍንጫ ያወጋል። ሙዚቃው ደግሞ ገንዘብ ሲዘረፍ ይፈነጥዛል።

ሳቁ ይሁን። ግን ፊልሙ ሲያልቅ ምን አላችሁ? ያነጋገርኳችሁ ሁሉ መልሳችሁ አንድ ነው። «ወይ ሰውዬው! እንዴት ያለ ቀጣፊ ነው!» እሺ፣ ቀጣፊ ነው። የቀዳው ነገርስ? ምን ነበር የሚሸጡት? ማንን ዘረፉ? ጸጥ። ስለ ዝርፊያ የሚተርክ ፊልም አይታችሁ የቀረላችሁ የሰውዬው ክራቫት ነው።

እንግዲያው እኔ ልንገራችሁ። የሚሸጡት ላይሲን ነው። ዶሮና አሳማ ቶሎ እንዲያድጉ መኖ ውስጥ የሚጨመር አሚኖ አሲድ ነው። ባክቴሪያ የበቆሎ ስኳር ይመገባል፣ ላይሲን ያወጣል። እስከ 1990ዎቹ መግቢያ ድረስ ገበያው በጃፓንና በኮሪያ ኩባንያዎች እጅ ነበር። የዲኬተሩ ኩባንያ ትልቅ ፋብሪካ ከፍቶ ገባ። ዋጋው ወረደ። ውድድር ሲኖር የሚሆነው ይኸው ነው፤ ገዢው ተጠቀመ። ሻጮቹ ግን አልተመቻቸውም። ተጠራሩ። ሜክሲኮ ሲቲ፣ ፓሪስ፣ ቶኪዮ፣ ሃዋይ እየተገናኙ በስንት እንደሚሸጡ፣ ማን ስንት ቶን እንደሚሸጥ ተስማሙ። ላይ ላዩን የማኅበር ስብሰባ ነው። አጀንዳ ሁሉ ነበረው። እውነተኛው ጉዳይ ግን ዋጋ ነበር።

ኤፍቢአይ የዊታከርን ቦርሳና ልብስ በመቅረጫ ሞላው። የሆቴል ክፍል ውስጥ የጠረጴዛ መብራት አስቀምጦ ካሜራውን እዚያ ደበቀው። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ለጃፓን እንግዶቹ የተናገረው ነገር ተቀድቷል። በእኛ ቤት አንድ አባባል አለ ይላቸዋል፤ ተፎካካሪዎቻችን ወዳጆቻችን ናቸው፣ ደንበኞቻችን ጠላቶቻችን ናቸው።

እስኪ ደግማችሁ አንብቡት። ደንበኛው ጠላት ነው። መኖ የሚገዛው ገበሬ፣ ዶሮ የሚያረባው፣ ዶሮ የሚበላው ሁሉ። እናንተ አሜሪካ ያላችሁት ደግሞ ያን ጊዜ ዶሮ ገዝታችሁ ወጥ ከሠራችሁ ጠላት ከተባሉት ውስጥ ናችሁ። በዚህ የተናደደ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

የተዋጣለት ኮሜዲ የምትፈልጉ ከሆነ ያለው እውነተኛው ካሴት ላይ ነው። በ1995 መጀመሪያ አትላንታ ሆቴል ውስጥ ተሰበሰቡ። ባዶ ወንበሮች አሉ። ማን ሊቀመጥባቸው ነው እያሉ ይቀልዳሉ። አንዱ ለታይሰን ይባላል። ታይሰን ትልቁ የዶሮ ኩባንያ ነው፤ ደንበኛቸው ነው። አንዱ ደግሞ ለኤፍቢአይ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ኤፍቢአይ ሳቃቸውን ሳይቀር እየቀረጸ ነበር። እነዚህ ሰዎች የተማሩ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ በአውሮፕላን የሚመላለሱ ናቸው። በአንድ ክራቫቱ በተዛነፈ ሰው ላይ ሙድ ስትይዙ፣ በነሱ ላይ ግን አንድም ቀልድ አልሰማሁም። ለምን ይሆን? እኔ የሚመስለኝ የተደላደለ ሌባ ስለሚያስከብረን ነው።

ወደ ቀጣፊው እንምጣ። ዊታከር ዋሽቷል። ትንሽ ውሸት አይደለም። ኤፍቢአይ መጀመሪያ ወደ ፋብሪካው የመጣው እሱ በፈጠረው ተረት ነው። የጃፓን ተፎካካሪ ባክቴሪያችንን እየመረዘ ነው፣ ገንዘብም እየጠየቀኝ ነው ብሎ ለአለቆቹ ነገራቸው። አለቆቹም ኤፍቢአይን ጠሩ። ዋጋ እየተማከሩ የሚሰቅሉ ሰዎች ፖሊስን በገዛ እጃቸው ቤታቸው አስገቡ! ወላጆቹ በሕይወት እያሉ በማደጎ ነው ያደግኩት ይል ነበር። ይባስ ብሎ፣ መቅረጫ ደረቱ ላይ አስሮ አለቆቹን እየሰለለ፣ እሱ ራሱ በሐሰተኛ ደረሰኝ ከኩባንያው 9 ሚሊዮን ዶላር ያህል መንትፏል። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። በኋላም ባይፖላር የሚባለው የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ታወቀ።

እና ይህን ሁሉ ስትሰሙ ፋይሉን ትዘጉታላችሁ። «አየህ፣ እሱም ሌባ ነው!» ትላላችሁ። እዚህ ላይ ነው የምቆጣው።

ካሴቱ አይዋሽም እኮ። በካሴቱ ላይ ያለው ድምፅ የዊታከር ምስክርነት አይደለም። የአለቆቹ የራሳቸው አፍ ነው። ዊታከር ቅዱስ ቢሆን አንድ ቃል አይጨምርበትም። ሰይጣን ቢሆንም አንድ ቃል አይቀንስለትም።

ደግሞስ ንጹሕ ሰው ከየት እንዲመጣላችሁ ነው የምትጠብቁት? ዋጋ የሚሰቀልበት ክፍል በር ለማንም አይከፈትም። ንጹሕ ሰው አይጠራበትም። ቢጠራም በሁለተኛው ስብሰባ አይገኝም። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ሦስት ዓመት የሰማ ሰው፣ እጁ ትንሽም ቢሆን የነካካው ነው። ስለዚህ መላእክት ካልመሰከሩ አናምንም ካላችሁ፣ ክፍሉ እስከ ዘላለሙ እንደተዘጋ ይኑር ማለታችሁ ነው።

እኛ ግን አንድ ሰው ስለ መሥሪያ ቤቱ ሲናገር መጀመሪያ የምንጠይቀውን እናውቃለን። ከማን ጋር ተጣልቶ ነው? እድገት ቀርቶበት ይሆን? የማን ወገን ነው? እሱስ ሲበላ አልነበረም ወይ? ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እነዚህን ጥያቄዎች እናመላልሳለን። ያመጣው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንዱ ነው። ከዚያ ደግሞ ራሳችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። ለሚበላው ተረት አለን። ለሚናገረው ያለን ስድብ ነው፦ አሳባቂ፣ አቃጣሪ፣ ጆሮ ጠቢ።

ፍርሃታችሁ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በደርግ ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን ጠቁሞ ያስበላ ነበር። ያ ቁስል ገና አልጠገገም፤ ማንም በዚህ ሊወቅሳችሁ አይችልም። ግን ያኔ የሚጠየቀው ስም ብቻ ነበር። ስም ተሰጠ፣ ሰው ተወሰደ፣ አለቀ። ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም። እኔ የምላችሁ የዚያን ተቃራኒ ነው። ስሙን እርሱትና ማስረጃውን ጠይቁ። የዊታከርን ጉዳይ የያዙት መርማሪዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ነገረን ብለው ማንንም ሄደው አላሰሩም። መቅረጫ ሰጡት። እስቲ አስደምጠን አሉት። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል አዳመጡ። ሰኔ 27 ቀን 1995 ማታ የኩባንያውን ቢሮዎች ሲከቡ በእጃቸው የነበረው ሐሜት አልነበረም።

ስለ ሚስቱም አንድ ነገር ልበል፤ ፊልሙ ውስጥ ዝም ብላችሁ ያለፋችኋት ሴት ናት። ዊታከር ዋጋ ስለመስማማታቸው ለኤፍቢአይ እንዲናገር የገፋፋችው እሷ ነች። በደመወዙ ተንደላቅቃ ትኖራለች። ትልቅ ቤት፣ ብዙ መኪና። ግን ተናገር አለችው። በስንታችን ቤት ነው እንዲህ ያለ ወሬ በእራት ሰዓት የሚነሳው? «ልጆችህን አስብ፣ ምን አገባህ፣ አርፈህ እንጀራህን ብላ» የምንልስ ስንቶቻችን ነን?

ፍርዱ እንዴት እንደሆነ ልጨምርላችሁ። ኩባንያው በ1996 ጥፋቱን አምኖ 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። በዚያን ጊዜ በእንዲህ ያለ ወንጀል እንዲህ ያለ ቅጣት ታይቶ አይታወቅም ነበር። ዋጋውን የሰቀሉት ሁለቱ ትልልቅ ኃላፊዎች ይግባኙ ሁሉ አልቆ የተፈረደባቸው ከሦስት ዓመት አልበለጠም። ዊታከር ግን በስርቆቱ ምክንያት የተሰጠውን ከክስ ነፃ የመሆን ዋስትና አጣ። ስምንት ዓመት ተኩል ያህል ታስሮ በ2006 መጨረሻ ወጣ። የሰረቀው የራሱ ዕዳ ነው፤ ይክፈል። እኔ እሱን ጀግና አድርጉልኝ አላልኩም። ግን የብዙ አገር ገዢ ያታለሉት ሰዎች በሦስት ዓመት ሲወጡ፣ ያጋለጣቸው ሰው የእነሱን ሁለት ሦስት እጥፍ ሲታሰር «ይበለው» ብቻ ብሎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም። የመረመሩት የኤፍቢአይ ሰዎች እንኳን፣ ያን ሁሉ ውሸት የዋሻቸው እያወቁ፣ በኋላ ምሕረት ይደረግለት ብለው ቆመውለታል።

ሰውየውን ከሥራው ለይቶ ማየት ይቻላል። ከባድ ነገርም አይደለም። የስዊሱ ባንክ ዩቢኤስ ሠራተኛ የነበረው ብራድሊ በርከንፌልድ አሜሪካውያን ባለጠጎች ግብር እንዴት እንደሚደብቁ አጋለጠ። እሱም ራሱ ደንበኛ ሲያስደብቅ ነበርና 40 ወር ተፈረደበት። ታሰረ። በ2012 ደግሞ ያው መንግሥት፣ በግብር መሥሪያ ቤቱ በኩል፣ ለሰጠው መረጃ 104 ሚሊዮን ዶላር ሸለመው። ለጥፋቱ እስር፣ ለመረጃው ሽልማት። ሁለቱም ለአንድ ሰው። በአሜሪካ ዋጋ መስማማትን ለሚያጋልጥ ሠራተኛ ከሥራ እንዳይባረር ጥበቃ የሚሰጠው ሕግ የወጣው ግን በ2020 መጨረሻ ላይ ነው። ዲኬተር ከተከበበች ከ25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ፈረንጅም ሲዘገይ ይዘገያል።

እኛ ጋ እኮ ሕጉ ቀደም ብሎ ነበር። ለወንጀል ጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 699 በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። ተፎካካሪዎች ተማክረው ዋጋ እንዳይወስኑ የሚከለክለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ወጣ። ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? ዘይት ወይም ሲሚንቶ በአንድ ሌሊት በየሱቁ እኩል ሲጨምር «መንግሥት የት ሄደ» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ መንግሥት ይጠየቅ። ግን ሱቁ በሙሉ በአንድ ሌሊት አንድ ዓይነት ሕልም አላየም። ተደዋውሎ ሊሆን ይችላል። ተደዋውሎ ከሆነ ስልኩን የሰማ ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሾፌር አለ። ያ ሰው ነገ አፉን ቢከፍት የሚጠብቀው የእናንተ ሳቅ ነው። ከሕጉ ይልቅ የሚፈራው እሱን ይመስለኛል።

ለዚያ ሰው፣ ይህን እያነበበ ከሆነ፣ ሁለት ነገር ልበለው። አንደኛ፣ እጅህን ሰብስብ። ዊታከር ዋስትናውን ያጣው በአለቆቹ ተንኮል ሳይሆን በገዛ እጁ ነው። ሁለተኛ፣ በአፍህ ብቻ አትምጣ። ቀኑን ጻፍ፣ ደረሰኙን ያዝ፣ ማን የት ምን እንዳለ መዝግብ። ወደሚመለከተው ስትሄድ ስለ አንተ ማንነት ብዙ ይጠይቁሃል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና ስለ እሱ ይጠይቁህ።