ማስተካከያ፦ ኢትዮጵያ ከግራጫው መዝገብ የወጣችው በ2012 ዓ.ም. ነው

ስለ ሕገ ወጥ የገንዘብ ዝውውር ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ «ኢትዮጵያ አሁንም በኤፍኤቲኤፍ ጥቁር መዝገብ ላይ ናት» ብለን ነበር። ተሳስተናል፤ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገውና ሕገ ወጥ የገንዘብ ዝውውርን የሚታገለው ይህ ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል ኢትዮጵያን በየካቲት 2009 ዓ.ም. ያስገባት ጥብቅ ክትትል በሚደረግባቸው አገሮች መዝገብ፣ በተለምዶ ግራጫ በሚባለው ውስጥ ነው። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ደግሞ አውጥቷታል። ጥቁሩ ከዚህ የከበደ፣ እነ ሰሜን ኮሪያና ኢራን ያሉበት ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ግራጫው ውስጥ የገባችው ጎረቤታችን ኬንያ ናት።

ስሕተቱን ቀላል አድርገን አናየውም። የአገር ስም እንዲህ ባለ መዝገብ ሲሰፍር፣ ከውጭ ለእናቱ ገንዘብ የሚልከው ልጅ ባንክ መስኮት ላይ «ከየት አገኘኸው? ለምንድን ነው የምትልከው?» የሚለው ጥያቄ ይበረታበታል።