እኛ ክልል 14 ነን

ታላቅ ወንድሜ ቨርጂኒያ ያገባው በ2000 ክረምት ላይ ነው። እኛ ሰፈር ግን ሰርጉ የተበላው በ2001 ግንቦት ነው፣ ምክንያቱም እማዬ "ሳላየው እንዴት ዳርኩ እላለሁ" ብላ ቪዲዮው እስኪመጣ ጎረቤትም ሳትጠራ ጠላም ሳትጠምቅ ቁጭ አለች። ቪዲዮ ያነሳው ሰውዬ ደግሞ ኤዲት አድርጎ እስኪጨርስ ዘጠኝ ወር ፈጀበት፣ የሰርጉ ዲቪዲና የመጀመሪያው ልጅ በአንድ ሳምንት ልዩነት ነው የደረሱት። ልጁ ቀደመ።

ዲቪዲው በሰው እጅ ተላከ። ከቫይታሚን፣ ከሎሽንና ለማን እንደሆነ እስከዛሬ ካልታወቀ አንድ ጥንድ ካልሲ ጋር ሁለት ዲስክ፣ አንዱ ነጭ ሆኖ ላዩ ላይ በማርከር "ሰርግ" የተባለ፣ ሌላው ለእህቴ ልጆች የተላከ ካርቱን፣ ኦርጅናል፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ፣ 19 ዶላር ከ99 የሚለው ወረቀት ያልተላጠለት። ዋጋውን ሆን ብሎ ነው የተወው፣ ወንድሜን አውቀዋለሁ።

እኛ ቤት የነበረው 14 ኢንች ቲቪና አባዬ ጡረታ የወጣ አመት የተገዛ የካሴት ዴክ ነው። ዴኩ ዲስክ ሲሰጡት አፉ ውስጥ ያስቀረዋል እንጂ አያጫውትም፣ የእህቴ ትንሹ ልጅ ሞክሮታል። ስለዚህ የዲቪዲ ማጫወቻ መግዛት ግድ ሆነ፣ እሱ ሲገዛ ደግሞ ያ አሮጌ ቲቪ ከኋላው ቢጫ፣ ነጭና ቀይ የሚባሉት ሶስቱ ቀዳዳዎች የሉትም፣ የአንቴና ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ቲቪም መቀየር አለበት፣ ቲቪው ከተቀየረ ቡፌው ላይ አይገባም... በቃ ሰውዬው አንድ ስስ ዲስክ ልኮ እኛን ቤት ሊያሰራን ነበር።

እቃ ሊገዛ ነው ሲባል ሰፈራችን ሸንጎ ይቀመጣል። ጡረተኛው ጎረቤታችን ጋሼ፣ ኑሯቸው በጡረታ እውቀታቸው በሬዲዮ የሆነ ሰው ናቸው፣ "ጃፓን እንጂ ቻይና እንዳትገዛ፣ ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ" አሉኝ። የማዶዋ እትዬ ደግሞ "ከባዱን ግዛ፣ እቃ በኪሎው ነው" አሉ፣ ቀጥለውም ማንም ሳይጠይቃቸው "ደግሞ በግንቦት ሰርግ!" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሶስተኛው አማካሪ ኢንጂነር ነው። ኢንጂነር የምንለው አስረኛ ክፍል ላይ ነጥብ ያልመጣለትን የሰፈሩን ልጅ ነው፣ ሬዲዮ ፈትቶ መልሶ ሲገጥም ሁሌ ሁለት ብሎን ይተርፈዋል፣ ሬዲዮው ግን ይሰራል። እነዚያን ብሎኖች በጣሳ ያጠራቅማቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሶስት ሆነን መርካቶ ሄድን። ጋሼ ከረባት አስረው ነው የመጡት፣ "ነጋዴ ሰው አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው" ብለው። እውነታቸውን ነው፣ ከረባቱን አይቶ 400 ብር ጨመረብን።

"ቲቪው ፍላት ነው" አለን ሻጩ። ፊቱስ ፍላት ነው፣ ጀርባው ግን የዘጠኝ ወር እርጉዝ ነው፣ ከሱቁ በጎን ነው ያወጣነው። 21 ኢንች። ኢንጂነር ጉሮሮውን ጠርጎ "ማልቲ ሲስተም ነው?" አለ። እኔ ማልቲ ሲስተም ምን እንደሆነ አላውቅም ግን ጥያቄው አኮራኝ።

"ምን ጥያቄ አለው፣ የሌለው ሲስተም የለም!"

"ዲቪዲውስ?"

"ኦል ሪጅን ነው ወንድሜ፣ የተቧጨረም የተሰነጠቀም ይበላልሃል። የማይክ ቀዳዳ ሁለት አለው፣ መዝፈን ከፈለጋችሁ።"

ጋሼ የመዝፈን ሀሳብ እንደሌላቸው ገልፀው የማይኩ ሂሳብ እንዲቀነስ ጠየቁ። አልተቀነሰም። እኔ የእትዬን ምክር አስቤ ማጫወቻውን ብድግ ሳደርገው እንደ ባዶ ምሳ እቃ ቀለለኝ፣ ሻጩም ፊቴን አይቶ "ቴክኖሎጂው ነው እየቀለለ የመጣው" አለ። ጋሼ ገልብጠው አነበቡ። "ሜድ ኢን ቻይና ነው'ኮ የሚለው!" "አይ ጋሼ፣ ጃፓኖቹ እኮ ናቸው ቻይና ሄደው የሚሰሩት።" ጋሼ ይህንን ከሬዲዮ ሰምተው ስለማያውቁ ዝም አሉ።

"ዋስትና አለው?" አልኩ እኔ፣ የሆነ ነገር ማለት ስላለብኝ።

"አለው እንጂ፣ እዚሁ ሞክራችሁ አይደል የምትወስዱት።"

"ቤት ገብቶ ቢበላሽስ?"

"ታዲያ ቤታችሁ ነዋ ያበላሸው።"

ሞከርነው። ከጠረጴዛው ስር አንድ ሃምሳ ክሊፕ የተጨናነቀበት የመንገድ ዲስክ አውጥቶ ከተተው፣ ስክሪኑ ላይ እስክስታው፣ ጥለቱ፣ ሳሩ ሁሉ ወዝ ወዝ ይላል። ቲቪውን በ2,700 ማጫወቻውን በ650 ስታብላይዘር ጨምረን በላዳ ጭነን ተመለስን፣ ጋሼ ከፊት ቁጭ ብለው፣ እኔና ኢንጂነር ከኋላ ቲቪውን እንደ በሽተኛ አቅፈን።

የዚያን ሰሞን መብራት በፈረቃ ስለነበር ተራው የኛ ሰፈር የሆነበትን ቀን ቆጥረን ነው ሰው የጠራነው። ቄጤማ ተጎዘጎዘ፣ ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻው ተበተነ፣ እማዬ ቲቪው ላይ ዳንቴል አልብሳ ዳንቴሉ ስክሪኑን ግማሽ ድረስ ሸፈነው፣ ሪሞቱ ላስቲኩ እንዳይነሳ ተብሎ በላስቲኩ ነው የሚነካው። ሰው እስኪሟላ ልጆቹ ካርቱኑ ይከፈትልን ብለው አለቀሱና የኦርጅናሉ ላስቲክ በክብር ተቀደደ። ዲስኩ ገባ፣ ውስጥ ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዛ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ነጭ ፅሁፍ ብቅ አለ። ሮንግ ሪጅን።

ጋሼ መነፅራቸውን አድርገው ተነሱና ለተሰበሰበው ሰው ተረጎሙ፣ "ክልሉ ተሳስቷል ይላል።"

ቤቱ ፀጥ አለ። ከ83 ወዲህ ክልል የሚባል ነገር ሰው መሀል ሲነሳ ድምፁን የማይቀንስ ሰው አላውቅም፣ አንድ ሁለት ሰው እንደውም ወደ በሩ አየ። ኢንጂነር ማጫወቻውን ገልብጦ ጀርባው ላይ ሉል የምትመስል ትንሽ ስዕል አገኘ፣ መሀሏ ላይ 5 ተፅፏል። የካርቱኑ ሽፋን ላይ ደግሞ እንደዛችው ያለች ሉል ሆና 1።

"ዲስኩ ክልል 1 ነው፣ ማጫወቻው ክልል 5" አለ።

"የምን አምስት?" ጋሼ ተቆጡ፣ "እኛ ክልል 14 ነን!"

ለማታውቁት፣ በሽግግሩ ጊዜ ክልሎች በቁጥር ነበር የሚጠሩት፣ አዲስ አበባ 14 ነበረች፣ 5 ደግሞ ሶማሌ ክልል ነው፣ ስሞቹ ከመጡ በኋላም ሰው ቁጥሩን ቶሎ አልረሳውም። እትዬ በዚህ ሂሳብ ወዲያው ደረሱበት፣ "ለጅጅጋ የተሰራውን እቃ ነው የሸጡላችሁ! ብዬ ነበር፣ በግንቦት!" ስኒያቸውን አስቀመጡ። ጋሼ ሰኞ መርካቶ ተመልሰው ባለ 14ቱን እንደሚያስቀይሩ ቃል ገቡ፣ ከረባቱን ግን አላስርም አሉ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዲቪዲ ሲወጣ የፊልም ኩባንያዎቹ እንደ በርሊን ጉባኤ ካርታ ዘርግተው አለምን ቆራርሰው ተካፈሏት። አሜሪካና ካናዳ 1፣ አውሮፓ፣ ጃፓንና መካከለኛው ምስራቅ 2፣ ቻይና ለብቻዋ 6፣ እኛ 5። እኛ ስል ከሩሲያ፣ ከህንድ፣ ከሞንጎሊያና ከሰሜን ኮሪያ ጋር ነው፣ አንድ እድር ውስጥ ከትተውናል ሳናውቀው። አፍሪካ በአብዛኛው 5 ሲሆን ደቡብ አፍሪካና ግብፅ ተለይተው 2 ውስጥ ከነጮቹ ጋር ገብተዋል፣ ግብፅ የምትቀድመን አባይ ላይ ብቻ መስሎኝ ነበር። ምክንያታቸው ደግሞ ፊልሙ አሜሪካ ሲኒማ ቤት ታይቶ ዲስኩ ሲወጣ ሌላው አገር ገና ሲኒማ ቤት አልደረሰም፣ ዲስኩ ቀድሞ ከደረሰ ማን ሲኒማ ይገባል፣ ዋጋውንም እንደየሰፈሩ መቁረጥ ይመቻቸዋል። ለአውሮፕላንና ለመርከብ እንኳ ክልል 8 የሚባል አለ። እስቲ አስቡት፣ ያቺ ዲስክ ከአሜሪካ ስትነሳ 1 ነበረች፣ አየር ላይ የክልል 8ን ድንበር ጥሳ፣ ቦሌ አርፋ 5 ገባች፣ የምትጫወትበት እቃ ደግሞ ክልል 6 ተሰርቶ በክልል 2 በዱባይ ዞሮ መርካቶ የመጣ። ዲስኩን ያመጣችልንን ሴትዮ ሻንጣ ቦሌ ሶስት ጊዜ ሲፈትሹ ይሄን የጠየቀ የለም።

ባለ 19 ዶላሩ ካርቱን እንዲህ ደጅ ሲጠና የእህቴ ባል ወርዶ ከመንገድ ዳር ያንኑ ካርቱን በ10 ብር ገዝቶ መጣ። ተጫወተ። የተቀዳ ዲስክ ክልል ምናምን ብሎ ነገር አያውቅም፣ ማንም አልፃፈበትም። ሲኒማ ቤት ውስጥ በድብቅ የተቀረፀ ስለሆነ መሀል ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ተነስቶ ይወጣና ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፣ ልጆቹ እስከ ዛሬ ከካርቱኑ ሰዎች አንዱ ይመስላቸዋል፣ ሲመለስ ያጨበጭቡለታል።

ከዛ ሰርጉ ገባ። እሱ ቤት ውስጥ የተቀዳ ስለሆነ የክልል ጥያቄ አላነሳም፣ በቀጥታ ተከፈተ። ጥቁርና ነጭ ሆኖ። አበባው ጥቁር፣ ኬኩ ግራጫ፣ ሊሞዚኑ ነጭ። የወንድሜ ሰርግ በጃንሆይ ዘመን የተደረገ ይመስላል። "ልቅሶ ነው እንዴ?" አለ አንዱ ከኋላ። ኢንጂነር ተነስቶ ገመዶቹን ነቃቀለ፣ ቢጫውን ቀይ ላይ ቀዩን ቢጫ ላይ ሞከረ፣ ምስሉ ጠፍቶ ዘፈኑ ብቻ ቀረ፣ ሲመልሰው ያው ጥቁርና ነጭ። "ቀለሙ የመጣው በእንግሊዝኛ ነው፣ ቲቪው ደግሞ አማርኛ ብቻ ነው የሚሰማው" ብሎ አስረዳን። ማለቱ ለካ ያኔ አሜሪካ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቲቪ ሲስተም ነበር የሚቀርፁት፣ ምስሉ 525 መስመር፣ እኛ ደግሞ ፓል ነበርን፣ 625 መስመር፣ ያ ሁሉም ሲስተም አለው የተባለው ቲቪ ፓልን ብቻ ነው የሚያውቀው።

እማዬ ግን ምንም አልጎደለባትም። ጥቁርና ነጭም ሆኖ ልጇ ልጇ ነው፣ እንባዋን እየጠረገች ታያለች። ይባስ ብሎ የመልሱ ቀን ሙሽራዋ በሀገር ልብስ ስትገባ እማዬ ከመቀመጫዋ ተነሳች። "ያቺ የኔ ናት! ሽሮ ሜዳ ቆሜ ያሰራኋት! አያችሁ እንዴት እንዳማረባት!" ባለ አረንጓዴ ጥለት ቀሚስ በሰው እጅ ልካ ነበር፣ ደርሶኛል ብለው ደውለው ነበር፣ ከዛ በኋላ ስለ ቀሚሱ ማንም አላነሳም። እልልታው ቀለጠ። ያቺን ቦታ ሶስት ጊዜ አስመለሰችን።

ኢንጂነር ግን ሌሊቱን አልተኛም። በነጋታው ካርቱኑን ይዞ ኢንተርኔት ካፌ ሄዶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲከተው ኮምፒውተሩ "ክልሉን ልቀይር? 5 ጊዜ ብቻ ነው መቀየር የምትችለው" ብሎ ጠየቀው፣ እሱም ቀይር አለው። ባለቤትየው ሲሰማ አብዶ አባረረው፣ ከአምስት አንዷን በላብኝ ብሎ። ቢሆንም ከመባረሩ በፊት የማጫወቻውን ሞዴል ቁጥር ፈልጎ በቁራጭ ወረቀት ገልብጦ መጣ፣ የዲስኩ መሳቢያ ተከፍቶ እያለ ሪሞቱ ላይ የሆኑ ቁጥሮች ሲነኩ የማንም መመሪያ ወረቀት ላይ የሌለ ድብቅ ሜኑ ይመጣል፣ 5ን ዜሮ ታደርገዋለህ፣ በቃ፣ ከሁሉም ክልል ጋር ሰላም። ቻይናዎቹ አጥሩንም ሰርተው ቁልፉንም ምንጣፉ ስር ትተውልናል ማለት ነው። ቁጥሮቹን በላስቲኩ ላይ ሲነካ እጁ ይንቀጠቀጣል። ዜሮ ሆነ። ከዛ ሴቲንግ ገብቶ የሚያወጣውን ምስል ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል አዞረው።

ሰርጉ በቀለም ተከፈተ። ጎረቤት ተጠርቶ እንደገና መጣ፣ ቡና እንደገና ተፈላ፣ አበባው ቀይ ኬኩ ነጭ ሊሞዚኑ ያው ነጭ። ጋሼ "ይሄ ልጅ'ኮ ተምሮ ቢሆን" አሉ። ኢንጂነር አንገቱን ደፋ። ሄደን ሄደን መልሱ ጋ ደረስን፣ ሙሽራዋ በሀገር ልብስ ገባች፣ እማዬም ለመነሳት ወንበሩን ይዛለች።

ጥለቱ ወይንጠጅ ነው።

ማንም ምንም አላለም። እትዬ ብቻ ናቸው፣ ቡናቸውን ፉት ብለው፣ "አረንጓዴ አልነበር እንዴ ያሰራሽው?"

"ቲቪው ነው" አለች እማዬ ቁጭ እያለች። "ቻይና ነው፣ ቀለም አያውቅም።"

ሳሩ አረንጓዴ ነበር፣ የአጎቴ ልጅ ከረባትም አረንጓዴ ነበር፣ ሁላችንም እያየነው ነው። እማዬ ረከቦቱን ትንሽ ወደዚህ ትንሽ ወደዚያ ገፋ ገፋ አደረገችና ኢንጂነርን ጠራችው።

"አንተ ልጅ፣ ያቺን ትናንት የነበረችውን መልሳት እስቲ።"

"የትኛዋን እማማ?"

"ያቺን የኛን ክልል።"

"ቀለሙ ይጠፋል'ኮ።"

"ይጥፋ።"

ኢንጂነር እኔን አየኝ፣ እኔ ጣራውን አየሁ፣ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ።