ካርቶኑን አምጡለት

አክስቴ ቤት ስሄድ ዘበኛው በሩን የሚከፍትልኝ በአንድ እጁ ነው። በሌላኛው ካርቶን ይዟል። መኪናዬ በቅጡ ሳትቆም ጎንበስ ብሎ ካርቶኑን ከኋላዋ ሥር ይሰዳል። «ጤና ይስጥልኝ» የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አልቀየመውም። ግቢው አዲስ ታይል ተነጥፎበታል፤ እኔ የምነዳው ደግሞ የሚያንጠባጥብ ቮልስ ነው።

ቮልሴ በፈረንጆቹ የ1967 ሥሪት ናት። ከአባቴ ወረስኳት። ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት ነው። ራዲያተር የሚባል ነገር አታውቅም፤ የሚያበርዳት አየር ነው። ውሃ ስለሌላት ውሃ አታፈስም። እሱን በዘይት ታካክሰዋለች። ድሮ «ሽጣትና ተገላገል» የሚሉኝ ብዙ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግን እነዚያው ሰዎች «ስንት ትላለህ?» ማለት ጀምረዋል። ዘይቷ ሲወርድ ዋጋዋ ይወጣል።

የማንጠባጠብ ክፋቱ ወጪው አይደለም። ምስጢር አለመቋጠሩ ነው። የሄድኩበት ሁሉ ፊርማዬ ይቀራል። አንድ እሁድ ከእድር ስብሰባ ቀረሁና በሚቀጥለው «አሞኝ ተኝቼ ነበር» አልኩ። ጸሐፊው በመነጽሩ በላይ አየኝ። «እውነትህን ነው፤ መኪናህም አብራ አሟታል። ድራፍት ቤቱ በር ላይ ስታስመልስ ነበር» አለ። ቅጣቱን ሳልከራከር ከፈልኩ።

ያን ቀን ነው ላሠራት የወሰንኩት።

በእኛ ሰፈር በክሪክ ከመሬት የተነሣች መኪና ደጅ ላይ ከታየች ለቅሶ እንደተቀመጡ ማለት ነው። ሳይጠይቅ የሚያልፍ የለም። ጡረተኛው ጋሼ ጎንበስ እንኳ ሳይሉ «የሞተር ዘይት ነው» ብለው ፈረዱ። ጎረምሳው ከስልኩ ቀና ሳይል «የካምቢዮ ነው» አለ፤ የማርሽ ሳጥኑን ማለቱ ነው። ቡና የሚያፈሉት እትዬ ከረከቦታቸው ሆነው «እኔስ ፀበል ብትረጭ ነው የምለው» አሉ። ወጪ የሌለው ሐሳብ የእሳቸው ብቻ ነበር።

መካኒኩ ደረሰና በጣሊያንኛ ይዘረዝር ጀመር። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ። መኪናዋ ጀርመን ናት፣ በሽታዋ ግን ሁልጊዜ ጣሊያን ነው። እኔ በጣሊያንኛ «ደህና ዋሉ» ማለት አልችልም፤ ጋራዥ ስገባ ግን ሮም ተወልጄ ያደግሁ ነው የምመስለው።

ከሥር ገብቶ ጠብታውን በጣቱ ነካ፣ አሸተተ። ከዚያ ጣቱን አፍንጫዬ ሥር አመጣው።

«አሽትት።»

የበሰበሰ እንቁላል ነገር ይሸታል።

«የሞተር ቢሆን ጠቁሮ ቀጥኖ ነበር። ይሄ የካምቢዮ ነው።»

ጣቱ ዞረ። ሁሉም አሸተተ። ጋሼም አሸተቱና «እኔስ ምን አልኩ?» አሉ።

የሚያፈሰው ከግራው አክስ፣ ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ፣ ሥር ነበር። በዚህ ዓይነት ቮልስ አክሱ ከጎማው ጋር አብሮ ይነሣል፣ ይወድቃል። ከካምቢዮው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የላስቲክ መሸፈኛ አለ። ከአዲስ አበባ ጉድጓድ ጋር ሲንጠራራና ሲኮማተር ኖሮ ተተርትሯል። ደግነቱ አዲሱ ላስቲክ በአንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ነው የሚሸጠው። እንደ ጋቢ ዙሪያውን አልብሰህ በትናንሽ ብሎኖች ትቆልፈዋለህ። ጎማና ታምቡር ማውለቅ የለም።

ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሻጩ ሦስት አወጣ። «ይሄ ኦርጅናል ነው። ይሄ ኦርጅናል ይመስላል።» ሦስተኛውን ይዞ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ይሄ ለአንተ ይሆናል» አለ። በእልህ የመጀመሪያውን ገዛሁ። እንዲህ አድርጎ ነው የሚሸጠው ለካ።

«ከተነካካ አይቀር ዘይቱም ይቀየር» አለ መካኒኩ። መውጫውን ሊፈታ ነው ብዬ ስጠብቅ ከጎን ያለውን የመሙያ ቡሽ ያዘ። «መጀመሪያ ይሄ መፈታቱን እይ። ዘይቱን ደፍተህ ይሄ እምቢ ካለህ መኪናህ ሐውልት ሆነች ማለት ነው።» ቡሹ ደግሞ ውስጡ ባለ ስድስት ጎን ነው፤ ውስጡ የሚገባ የ17 ሚሊሜትር ቁልፍ ይፈልጋል። ሰፈሩን ሁሉ ጠየቅን። ምክር በሽ ነው፣ ቁልፍ የለም። መካኒኩ ኪሱን ዳበሰና የ10 ብሎን አወጣ፤ የብሎኑ ጭንቅላት ራሱ 17 ነው። ሁለት ዳዶ አስገብቶ እርስ በርስ አቆላለፋቸው፣ ጭንቅላቱን ቡሹ ውስጥ ከተተ፣ ዳዶውን በቁልፍ ይዞ ዞር አደረገው። ጢው ብሎ ተፈታ። ከጎረምሳው ስልክ ይልቅ ይቺን ብሎን አከበርኳት።

ላስቲኩ ሲለብስ ስፌቱን ወደ ጎን አደረገው፤ አክሱ ሲነሣና ሲወድቅ እንዳይስበው ነው። ብሎኖቹን ላላ አድርጎ ተዋቸው። ይሄኔ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «ጠበቅ አድርገው!» አለ።

«ክሪኩ ሳይወርድ አይጠብቅም» አለ። «ተንጠልጥላ ካጠበቅኩት መሬት ስትነካ ይጣመማል። ቢወርድም ልክ አለው። ያለ ልክ ስታጠብቀው ይቀደዳል።»

ጋሼ አኮረፉ።

አዲሱ 80/90 ዘይት እንደ ማር ወፍራም ነው፤ አይቸኩልም። ከሃይላንድ ጠርሙስ በተቆረጠ ማፍሰሻና በቱቦ 2.5 ሊትር ገደማ አጠጣናት። ጎረምሳው መለኪያ ዘንጉ የት እንዳለ ጠየቀ። የላትም። ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ ተርፎ ሲፈስ ሞላ ማለት ነው። በሕይወቷ ማፍሰስ የተፈቀደላት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

በበነጋው ደጄ ደረቅ ነበር። በሦስተኛውም ቀን ደረቅ።

እሁድ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ዘበኛው ከነካርቶኑ ወጣ። «ድናለች» ብዬው አላመነኝም፣ አነጠፈ። አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ሰዓት ያህል ጠብቄያት ስትዘገይ ተመለስኩ።

ማታ ደወለች።

«አንተ ልጅ፣ ጭራሽ ረሳኸኝ አይደል?»

«ዛሬ መጥቼ አጣሁሽ እኮ! ዘበኛውን ጠይቂው።»

«እሱማ የአንተ ወዳጅ ነው፣ ምን ይላል ብለህ ነው!» አለችኝ። «ካርቶኑን አይቼዋለሁ። ደረቅ ነው።»