የእንቁላል ካርቶን ድምፅ አያግድም

ደሴ ላይ ምድር ቤቱን የኳስና የፊልም ማያ ሊያደርገው ላሰበው ወንድማችን «ግድግዳውን የእንቁላል ካርቶን ለጥፍበት፣ ድምፅ አይወጣም» የሚል ምክር ተሰጥቶታል። ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ስህተት ነው። ካርቶኑ ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ቀጭን ድምፅ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል። ቤዙን ግን፣ ላይ ቤት ያለውን ተከራይ የሚቀሰቅሰውን ወፍራም ድምፅ ማለቴ ነው፣ ከነጭራሹ አይነካውም።

ድምፅ የሚያግደው ክብደት ነው፤ ቀዳዳ አለመኖሩም። ስለዚህ ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ በሩን እይ። ከሥሩ ጣት የምታስገባ ክፍተት ካለ ግድግዳው ላይ የምታፈሰው ገንዘብ ከንቱ ነው። ዙሪያውን ጎማ ምታበት፤ ስስ የቆርቆሮ በር ከሆነ በወፍራም ጣውላ ለውጠው። ስፒከሩንም ከግድግዳ አርቀህ ወፍራም ጎማ ላይ አስቀምጠው።

ደሞ ደሴ ላይ ጀርባው ተዳፋቱን የተደገፈ ምድር ቤት አለ። ሐምሌና ነሐሴ ግድግዳው ሲረጥብ ካርቶኑ እርጥበቱን ጠጥቶ ይሻግታል፤ በጋ ሲደርቅ ደግሞ ለእሳት የተዘጋጀ ወረቀት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ክፍሉን ጥርቅም አድርገህ ከዘጋህ በኋላ ለቡናው ከሰል እዚያ ውስጥ አታቀጣጥል። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። ቡናው ላይ ቤት ይፈላና በጀበና ይውረድላችሁ።