የልጁ ክንድና የአባቱ ቀበቶ

የልጁ ክንድ ቀዩ ላይ አረፈ። መለኪያውን ለማታውቁት፣ ባለ ሦስት ቀለም ጠባብ ጥብጣብ ነው፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕጻን ግራ ክንድ ላይ፣ በትከሻና በክርን መካከል ይጠመጠማል። 12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ሲል ቢጫ፣ ከ11.5 በታች ደግሞ ቀይ። ቀይ ማለት ሰውነት የሚያቃጥለው አጥቶ የገዛ ስቡንና ጡንቻውን መብላት ጀምሯል ማለት ነው። ልጁ የአሥራ አራት ወር ነበር፤ ሲያለቅስ ድምፁ አይወጣም። ጥብጣቡን ስፈታ ዓይኔ ከእናቲቱ ጀርባ ወደ ቆመው አባት ወገብ ሄደ። ቀበቶው ጫፍ ላይ በሚስማር የተበሱ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ እሱም ከቦርጩ በታች ወርዶ ነው የታሰረው።

አባትና ልጅ የሚኖሩት በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ የሚበሉትም ከአንድ ጓዳ ነው። ሱቅ አላቸው፤ ሁለት የሚታለቡ ላሞች አሏቸው።

«ምን ትመግቢዋለሽ?» አልኳት እናቲቱን።

«አጥሚት ነዋ። የገብስ።»

«ቅቤ ወይም ወተት ጣል ታደርጊበታለሽ?»

«ጾም ነው እኮ ሲስተር፤ ዕቃዬን ፍስክ ይነካብኛል።»

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለው ቤት አንድ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን የብዙዎቻችሁ ቤት ነው፤ እኔም ያደግሁበት ቤት ከዚህ የራቀ አልነበረም። ስለዚህ ብትቆጡም እናገራለሁ፦ ስብን ከሚያስፈልገው ልጅ ነጥቀን ለተረፈው አዋቂ እያጎረስን ነው። አዋቂው ሲወፍር ደግሞ «ተስማማህ» ብለን እናሞካሸዋለን።

ለምን እንዲህ እንደሆንን አውቃለሁ። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ፣ ወይም ካዩት የተወለደ ሕዝብ የሞላ ጉንጭ ሲያይ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ከዚያ ኤች አይ ቪ መጣና «ከሳ» ማለት «ያ በሽታ ይዞታል» ማለት ሆነ፤ ሰው ጤናማ ቅጥነቱን እንኳ በወፍራም ሹራብ የደበቀበት ዘመን አሳልፈናል። ዛሬም ከርሞ የተገናኘ ዘመድ ከሰላምታው ቀጥሎ ወገብ ይመዝናል፤ የወፈረውን «ወዝ አወጣህ፣ አማረብህ»፣ የቀጠነውን «ምነው፣ ታመህ ነበር?» ይላል። ይህን ሰላምታ ተዉት። የአርባ አምስት ዓመት ጎልማሳ ቦርጭ ባወጣ ቁጥር ስታሞግሱት ወደ ስኳርና ወደ ደም ግፊት እየሸኛችሁት ነው።

የፋሲካን በግ ያረደ ሁሉ የሰውን ገላ አይቶታል፤ ልብ አላለውም እንጂ። ቆዳው ሲገፈፍ ከሥሩ ነጣ ያለ ስስ ስብ አለ። ኋላው ላይ ላቱ አለ። ሆዱ ሲከፈት ጨጓራውንና አንጀቱን እንደ ነጠላ የሸፈነው ሞራ ይወጣል፤ ኩላሊቱም በስብ ተጠቅልሎ ይገኛል። ሁሉም ስብ ነው፤ ሥራው ግን ለየቅል ነው። ላት የበጉ ጎተራ ነው። ዝናብ በቀረበት፣ ሣር በጠፋበት ወር በጉ ከዚያ እየቀነሰ ይኖራል፤ በድርቅ ጊዜ ላቱ ባዶ ከረጢት መስሎ የሚንጠለጠለውም ለዚህ ነው። የእኛም ሰውነት ጎተራ አለው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፤ አንድ ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን 4 ብቻ። ስለዚህ ሰውነት የተረፈውን ሁሉ፣ ከእንጀራም ይምጣ ከጠጅ፣ በስብ መልክ ያስቀምጠዋል፤ ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ኃይል ያቆይለታልና። ወፍራም የማይባል የ70 ኪሎ ሰው እንኳ 10 ኪሎ ያህል ስብ ይዞ ይዞራል። ይህ ነውር አይደለም። ከቆዳ ሥር ያለው ብርድ ይከላከላል፤ በሴት ልጅ ዳሌና ጭን ላይ ያለው ለእርግዝናና ለጡት ወተት የተቀመጠ ስንቅ ነው። ይህን ስንቅ አሟጣ ለመጨረስ የምትራብ ወጣት ካለች እሷንም እገሥጻለሁ።

መከራው ሞራው ላይ ነው። ሞራ ተኝቶ የሚኖር ዕቃ አይደለም። የሚለቅቀው ቅባትና ኬሚካል ከአንጀት ወደ ጉበት በሚሄደው ደም ሥር ቀጥታ ይገባል። ጉበት ራሱ ስብ ይቋጥራል፤ ስኳርን ከደም የሚያወርደውን የኢንሱሊንን ትእዛዝ መስማት ያቆማል፤ ስኳር በደም ውስጥ መውጫ አጥቶ ይከማቻል። አባቶቻችን የከብት ሞራ ዘርግተው መጪውን የሚያነቡ ሞራ ገላጮች ነበሯቸው። የእናንተን ሞራ ለማንበብ ግን የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሸሚዛችሁን ግለጡ፤ ከታችኛው ጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሻችሁን አስወጥታችሁ፣ ሆዳችሁን ሳትሰበስቡ ለኩ። ወንድ 94፣ ሴት 80 ሴንቲ ሜትር ካለፋችሁ አደጋው ጀምሯል። እግሬ ቀጭን ነው ብላችሁ አትጽናኑ፤ እግሩ ቀጥኖ ሆዱ የገፋው ሰው ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ።

ቦርጭ ከጮማ ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸውም አሉ። አንድ ግራም አልኮል 7 ኪሎ ካሎሪ አለው። ጮማ ትቻለሁ እያለ በየማታው አራት ጠርሙስ ቢራ የሚያወርድ ሰው ምንም አልተወም።

ስለ ዘይትም ዝም አልልም። የሚረጋው ዘይት ጧት ጧት በብርድ ነጭ ሆኖ ጄሪካኑ ውስጥ ሲቆም አይታችኋል። ለምን ይረጋል? ቀጥ ቀጥ ያለ ማገዶ ሲከመር ተጠጋግቶ ይተኛል፤ ጎባጣው ግን ክፍተት እየተወ አልከመር ይላል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ቀጥ ያለ ቅባት ነው፤ ተደራርቦ ይተኛና ይረጋል። በኑግ ዘይት ውስጥ ያ ቅባት ከአምስት እጅ አንዱን አይሞላም፤ የቀረው ጎባጣ ስለሆነ በደጋ ብርድ እንኳ ይፈስሳል። ቀጥ ያለው ቅባት ሲበዛ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም ላይ የማንሣት አቅሙ ይደክማል፤ ያ ኮሌስትሮል የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ ያጠብበዋል። ጄሪካኑ ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ተብሎ መጻፉ አያታልላችሁ። ኮሌስትሮል የእንስሳ ነገር ነው፤ ከተክል የተጨመቀ ዘይት ከመጀመሪያውም አልነበረውም። ጽሑፉ አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን ነው የመለሰው።

የምንሳሳላት ቅቤም ከዚሁ ወገን ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ከምንበላው ኃይል ውስጥ ከሳቹሬትድ ቅባት የሚገኘው ከ10 ከመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ያህል ማለት ነው፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ያልፈዋል። ለአንድ ዶሮ ወጥ ስንት ጭልፋ እንደምትጨምሩ እናንተው ታውቃላችሁ። የበዓሉን አልከለክልም፤ የምለው በየቀኑ በዓል ስለሚያደርጉት ነው። የኑግ ዘይት ውድ ነው ትሉኛላችሁ፤ እውነታችሁን ነው። እንግዲያው ያለውን ቆጥቡ። ከጄሪካን ወደ ድስት አታንቆርቁሩ፤ በማንኪያ ለኩ። ጄሪካኑንም ፀሐይ ላይ አታኑሩት፤ ቫይታሚን ኤ የተጨመረበት ዘይት ብርሃን ሲመታው ቫይታሚኑ ይጠፋል። መንገድ ዳር ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የምትጠብሱ እህቶቼ፣ ኑሮ እንደሚያስገድዳችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም ዘይቱ ሲጠቁር፣ አረፋ ሲይዝ፣ ጭሱ ጉሮሮ ሲከረክር አበቃሁ ማለቱ ነው። አዲስ ብትጨምሩበት አሮጌው አይታደስም። የምትጠብሱለት ልጅ የእናንተው ሰፈር ልጅ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ፤ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እሱ ነውና። የሰው አእምሮ ውሃው ቢወጣለት ከሚቀረው ከግማሽ በላይ ቅባት ነው። ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው አእምሮው ከአዋቂው መጠን ወደ 80 ከመቶ ይደርሳል። የእናት ጡት ወተት ከሚሰጠው ኃይል ግማሽ ያህሉ ከስብ የሚመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ግን ጊዜውን ገልብጠነዋል። ሕጻኑ እንደተወለደ እንገሩን አልበን እንደፋና ቅቤ እናስልሰዋለን። ያኔ ከእናቱ ጡት በቀር ጠብታ ውሃ እንኳ አያስፈልገውም፤ ቅቤው ተቅማጥ አስከትሎ ይገባበታል። ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ ሲጀምርና ቅባት በእርግጥ ሲያስፈልገው ደግሞ ውሃ የመሰለ አጥሚት እናጠጣዋለን።

የስምንት ወር ሕጻን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ብርጭቆ ያህል ነው። ያን ብርጭቆ በቀጭን አጥሚት ከሞላችሁት ጠግቦ ይራባል። ገንፎው ላይ የምትጨምሩት አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ግን ሆዱ ውስጥ ቦታ ሳይሻማ 40 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይጨምርለታል። ዱባውም ጎመኑም ያለ ቅባት ከሆነ በውስጣቸው ያለው የቫይታሚን ኤ ምንጭ አብዛኛው ሳይነካ አልፎ ይወጣል፤ አንጀት የሚቀበለው በቅባት ታጅቦ ሲመጣ ነውና። አመሻሽ ላይ ዕቃ እየመታው የሚሄድ ልጅ አይታችሁ ቀልበ ቢስ ነው ብላችሁ ከሆነ፣ ከቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣው ዳፍንት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት። በጣም ለተጎዱ ሕጻናት የምንሰጠው ፕላምፒ ነት ምን መሰላችሁ? ኦቾሎኒ፣ ዘይት፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን ነው። 92 ግራም የምትመዝነው አንዷ እሽግ 500 ኪሎ ካሎሪ አላት፤ ግማሽ ያህሉ ከስብ ነው። ቀዩን ክንድ ወደ አረንጓዴ የሚመልሰው ያ እናንተ ከገንፎው ያስቀራችሁት ነገር ነው።

ስለ ጾሙም በግልጽ እንነጋገር። እኔም ጿሚ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም አላለችውም። ያቺ እናትም ይህን ታውቃለች፤ ልጇን ያስጾመው ድስቱ ነው። አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ ለልጁ ለይታችሁ ለብቻ አጥባችሁ ለብቻ ስቀሉ፤ ጾማችሁም አይነካ፣ ልጁም አይራብ። ካህናት አባቶቼ፣ እኔ ስነግራት እሺ ብላ ትሄዳለች፤ እናንተ ብትነግሯት ግን ታደርገዋለች። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ተናገሩላት።

በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት 37 ከመቶው ቀንጭረው፣ ማለትም ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ቀርቶ ተገኝተዋል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆች መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. እንዲያበቃ ቃል ገብቷል። መንግሥትን ስለ ቃሉ ጠይቁት፤ መጠየቅ ይገባችኋል። ጭልፋው ግን በእናንተ እጅ ነው። እናቶች፣ የወጡን ቅባት ከላይ ከላይ እየጨለፋችሁ ለአባወራው፣ ደረቁን ለልጅ የምታወጡት ስለ ምን ነው? ራሳችሁስ እያጠባችሁ ከሁሉ ኋላ ከድስቱ ጠርጋችሁ የምትበሉት እስከ መቼ ነው? አባቶች፣ ቅዳሜ ሥጋ ቤት ቆማችሁ ከእነጮማው ከማስቆረጣችሁ በፊት በዚያ ዋጋ ለልጃችሁ የስንት ቀን እንቁላል እንደሚገዛ እዚያው አስሉት።

ያ ልጅ ከሁለት ወር በኋላ አረንጓዴ ገባ። አባቱን ግን ያን ዕለት አልለካሁትም። ሜትሩ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ የተከበረ ነጋዴ ነው ብዬ አፈርኩ። ከአምስት ዓመት በኋላ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አንድ እግሩን ጫማ አውልቆ በጨርቅ ጠቅልሎታል፤ ስኳር እንዳለበት ያወቀው ቁስሉ አልድን ሲለው ነው። ከስቷል፤ ቀበቶው ላይ አሁን ወደ ውስጥ በኩል አዲስ ቀዳዳ ተበስቷል። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ካርዱን ይዞለታል።